ገንዳውን ሙዪው የተባልኩ ዕለት

መተማን የሚያውቅ ሰው ይስቅብኝ ይሆናል። ዶሮ እንኳ ክንፏን ዘርግታ ከጥላ ጥላ በምትዞርበት በዚያ ሐሩር የእኔ እንጀራ ውሃ ማሞቅ ነበር ብል ማን ያምነኛል? ግን እውነቴን ነው። በደርግ ጊዜ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የመንግሥት እርሻ የሥራ አስኪያጁን የገላ መታጠቢያ ገንዳ የማጥበው፣ የምሞላውና የማሞቀው እኔ ነበርኩ። ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «ሰው እቀቅላለሁ» እል ነበር። የእርሻው ሴቶች ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ስሜ ጥሩወርቅ ነው። ከደምቢያ ከባሌ ጋር ለሰሊጥ አጨዳ ወርጄ፣ ባሌን ወባ ሲወስድብኝ ወደ ደጋ መመለሻው ጠፍቶኝ እዚያው የቀረሁ ነኝ። ያን ጊዜ አልማዝ የምትባል ትንሽ ልጅ በጀርባዬ፣ ሌላ ምንም በእጄ አልነበረኝም። ምላሴ ረጅም ነው ይሉኛል፤ አልዋሹም። እርሻው ቤት የቀጠሩኝም ሥራ አስኪያጁን ስላሳቅኋቸው ይመስለኛል።

ገንዳውን ያሠራው ከአብዮቱ በፊት የእርሻው ባለቤት የነበረ ሰው ነው። ከሩቅ አገር ግንበኛ አስመጥቶ ግማሹን መሬት ውስጥ ቀብሮ በሲሚንቶ ያስገነባው ክብ ገንዳ ሲሆን አራት ሰው ቢቀመጥበት አይጣበብም። ከጎኑ ድንጋይ ላይ የተሰየመ ትልቅ በርሜል አለ። ከሥሩ እንጨት ይነድበታል፤ ውሃው ሲፈላ በቱቦ ወደ ገንዳው ይወርዳል። መሬት ሲወረስ ሰውየው ወደ ሱዳን ተሻገረና ቤቱ ከነገንዳው ለሥራ አስኪያጁ መኖሪያ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ የደጋ ሰው ናቸው፤ ቁርጥማት ስለነበረባቸው ሐኪም «ሙቅ ውሃ ውስጥ ይዘፍዘፉ» ብሏቸዋል። እሳቸው ይዘፈዘፋሉ፣ ሠራተኛው በአጥር እያየ ይስቃል። ገንዳውን ድስት ብለን የሰየምነው እኛ ነን። «ሥራ አስኪያጁ የት አሉ?» የሚል እንግዳ ሲመጣ «ድስት ውስጥ ናቸው፣ ገና አልበሰሉም» እንላለን።

ድስቱን ማጠብ ግን ቀልድ አልነበረም። ውሃው በቆላ ሙቀት ቶሎ ይከፋል። ዛሬ ጥርት ያለው ከነገ ወዲያ አረንጓዴ ልጋግ ያወጣል፤ ያን ልጋግ የረገጠ ሰው ወገቡ ደህና አይሆንም። የሰው ገላ ቅባትም ጠርዙ ላይ ክብ ሠርቶ ይጋገራል። ስለዚህ በየሳምንቱ እሳቱን አጠፋና ከሥር ያለውን ውታፍ ነቅዬ ውሃውን በቦዩ ወደ ፓፓያው እለቅቃለሁ። ከዚያ እገባና በአመድና በጡብ ስብርባሪ እፈትገዋለሁ። የቱቦውን አፍ የሚዘጋውን ነጭ ቅርፊት በሽቦ እፍቃለሁ። በመጨረሻ በረኪና አፈስስበትና ዓይኔን እየጨፈንኩ አጥበዋለሁ። የበረኪናውን ውሃ ወደ ፓፓያው መልቀቅ እንደማይገባ የተማርኩት ከፓፓያው ጎን የነበረውን የሥራ አስኪያጁን ሎሚ ካደረቅኩ በኋላ ነው። በዓመት አንድ ሁለቴ ደግሞ የተሰነጠቀውን በሲሚንቶ እለስናለሁ። ልስኑ እስኪደርቅ ድረስ ሁለቱን የጣውላ ክዳኖች እደፋበታለሁ፣ ማንም አይነካውም። «ልስን ላይ ነው» ከተባለ ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው አጠገቡ አይደርሱም።

አሁን ስለ ብርቱካን ልናገር። የስሟን ፊደል በጥርሴ ነው የማወጣው፣ ግን ሳልነግራችሁ ነገሩ አይገባችሁም። ብርቱካን አበልጄ ናት፤ አልማዝን ክርስትና ያነሣቻት እሷ ናት። አበልጅ ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ አላስረዳም። ባሌ የሞተ ጊዜ ከእኔ ጋር መሬት የተኛች፣ ወባ ሲጥለኝ ልጄን አጥባ ያበላች ሴት ናት። ከድንበሩ ማዶ፣ ሱዳን ውስጥ ገላባት ገበያ እየተሻገረች በርበሬ ትሸጣለች፤ የመሻገሪያ ፈቃድም ነበራት። ያላት አንድ ልጅ፣ አዱኛ የሚባል ጎረምሳ ነበር። እኔና እሷ ያልተነጋገርነው ነገር አልነበረም። እሷ ስታስነጥስ እኔ «ይማርሽ» የምለው በሁለት አጥር ማዶ ሆኜ ነው።

ብሔራዊ ውትድርና የታወጀ ሰሞን ነበር። ጎረምሳ እንደ ፍየል ከገበያ ይታፈሳል። ታናሽ ወንድሜን ዘውዱን ጭልጋ ገበያ ላይ አፍሰው ወስደውታል ሲባል ሰምቼ አልቅሼ ተቀምጫለሁ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ እንጨት ይዘው ከሚገቡ ሴቶች ኋላ አንድ ከንፈሩ የተሰነጣጠቀ ሰው ቆሞ አየሁ። ለማኝ መስሎኝ ነበር።

«እታለም፣ አላወቅሽኝም?» አለኝ።

ዘውዱ ነው! ከማሠልጠኛው ጠፍቶ፣ ቀን ዱር እየተኛ በእግሩ እኔ ዘንድ ደርሷል። የእናቴ ልጅ ያ ሁሉ ሥጋው የት እንደሄደ እግዜር ይወቅ። ጠፍቶ የተያዘ ምን እንደሚደረግ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቅ ነበር። ወይ ይረሸናል፣ ወይ ተመልሶ ሰው ወደማይመለስበት ግንባር ይላካል። ከእኛ ወዲያ ሱዳን ናት። ወንዙን ከተሻገረ ይተርፋል፤ ካልተሻገረ አለቀለት።

ያለ ብርቱካን እንዴት ይሻገራል? በዚያው ቀን ሄጄ ነገርኳት። ደረቷን ይዛ «የኔ ጌታ!» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ገላባት የማውቀው ሱዳናዊ ነጋዴ አለ። ጀለብያና ጥምጥም አመጣለታለሁ። በገበያ ቀን የነጋዴው ጫኝ መስሎ በርበሬ ተሸክሞ ይሻገራል። አንቺ ብቻ እስከዚያ ከሰው ዓይን ሰውሪልኝ።» «ሰውሪልኝ» ነው ያለችው፤ የምታድነው የራሷን ወንድም ነበር የሚመስል።

በማግሥቱ ቀበሌው ቤት ለቤት ፍተሻ ጀመረ። አንድ ክፍል ቤቴ ውስጥ ሰው ቀርቶ ድመት አይደበቅም። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ለስብሰባ ጎንደር ሄደዋል። ድስቱ ትዝ አለኝ። ውሃውን ለቀቅኩ፣ አጠብኩት፣ ያልተሰነጠቀውን ሁሉ ተሰንጥቋል ብዬ እዚህም እዚያም ሲሚንቶ ለጠፍኩበት። ፍተሻው እኔ ቤት ሳይደርስ፣ በነጋታው ጎህ ሳይቀድ ዘውዱን በኋላው አጥር፣ በቦዩ ቀዳዳ አስገብቼ ደረቁ ገንዳ ውስጥ አስተኛሁትና ክዳኑን ደፋሁበት። ሲሚንቶው ቀዝቃዛ ነው፤ አየርም በውታፉ ቀዳዳ ይገባል። «እታለም፣ ከማሠልጠኛው አልጋ ይሻላል» ብሎ ሳቀ፤ ደግሞ ሳቁ የአባታችን ሳቅ ነበር። የት እንዳስቀመጥኩት የነገርኩት ለብርቱካን ብቻ ነው።

በዚያው ዕለት ማታ ላይ አዱኛን አፈሱት። ከሌሎች ልጆች ጋር የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ቆልፈውባቸው ሎሪ እስኪመጣ ይጠብቃሉ ተባለ። ሩጬ ብርቱካን ቤት ሄድኩ። ፊቷን ነጭታ መሬት ላይ ተቀምጣለች። አብሬያት አለቀስኩ። ሳለቅስ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ የእሷ ልጅ ታስሮ የእኔን ወንድም አሻግሪልኝ ለማለት አፈርኩ።

«ብርቱኬ፣ የዘውዱን ነገር ተዪው። እኔ እንደምንም አደርጋለሁ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «አይሆንም። ሁለቱም ከሚጠፉ አንዱ ይትረፍ» አለችኝ።

እጇን ስሜ ወጣሁ። እውነት ነው የምላችሁ፣ ጎንበስ ብዬ እጇን ነው የሳምኩት።

የገበያው ቀን ጠዋት መጣችልኝ። ጀለብያው ከሰዓት እንደሚደርስ ነገረችኝና በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ሰጠችኝ። ዳቦ ነው፤ ገና ትኩስ፣ ጥቁር አዝሙድ ጣል ያደረገችበት። «ለመንገዱ ይሁነው፣ ልጄ እስር ቤት ሆኖ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ጋገርኩት» አለች። ልቤ ተነካ። ሰው አየኝ አላየኝ ብዬ ክዳኑን ገለጥ አድርጌ ዳቦውን ለዘውዱ አቀበልኩት። «ማን ጋገረው?» አለኝ። «እናትህ ብትኖር እንዲህ ነበር የምትጋግርልህ፣ ብላ» አልኩትና ዘጋሁ።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ የግቢው በር ተንኳኳ። ዘበኛው ከፈተ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ በላቸው ሁለት የአብዮት ጥበቃ አስከትሎ ገባ። ይህ ሰው ከአብዮቱ በፊት ገበያ መሐል መኪና ዘርግቶ ልብስ ይሰፋ ነበር፤ ለባሌ ሱሪ ሰፍቶለታል። አሁን ሽጉጥ ታጥቆ ሲሄድ ጫማውን እያየ ነው።

«እንደምን ዋልሽ፣ ጥሩወርቅ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ጓድ። ሥራ አስኪያጁ የሉም፣ ጎንደር ናቸው።»

«አውቃለሁ። እንግዳ ይመጣብናል፣ ትልቅ ሰው። አቧራ ጠጥቶ ነው የሚደርሰው፣ መታጠብ ይፈልጋል። ገንዳውን ሙዪው።»

ወንድሜ ክዳኑ ሥር ተኝቷል። አፌ ግን፣ እሱ መቼም አይተወኝ፣ መናገሩን ቀጠለ። «ጓድ፣ ገንዳው ልስን ላይ ነው። ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነው፤ ውሃ ከነካው ይላጣል። ሥራ አስኪያጁ ያባርሩኛል።»

«ለእሳቸው እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«እንጨትም አልቆብናል።»

ግድግዳውን ተደግፎ የተቆለለውን እንጨት በአገጩ አሳየኝ። «ይሄ ምንድን ነው ታዲያ? ሸንኮራ?» ጠባቂዎቹ ሳቁ።

«ውሃው እስኪፈላ እኮ ብዙ ይቆያል።»

«ምን ቸኮልን?» አለና ሄዶ ድስቱ ላይ፣ ክዳኑ ላይ ተቀመጠ! ወንድሜ ራስ ላይ! ጣውላው ሲንቋቋ እኔን የሰበረኝ መሰለኝ። ሲጋራ አቀጣጠለና በተረከዙ ገንዳውን መታ መታ ያደርግ ጀመር።

እሳት ማንደድ ዘወትር የምሠራው ሥራ ነው፤ ያን ቀን ግን እንደ ጀማሪ ተርመጠመጥኩ። እርጥብ እርጥቡን እየመረጥኩ ከሥር ከተትኩ። ጭሱ ግቢውን ሞላው። ይሄዳል፣ ይሰለቸዋል ብዬ ነበር። እሱ እያሳለ «ጭስ ለቢምቢ ጥሩ ነው» አለ እንጂ አልተነሣም። ዘውዱ ይስማኝ ብዬ «ውሃው በዚህ በቱቦው ነው የሚመጣው ጓድ! ሲመጣ ፍል ነው!» እያልኩ ጮህኩ።

«ምን ያስጮኽሻል? አልደነቆርኩም» አለኝ።

ያን ጊዜ እንኳ ያሰብኩት ምን መሰላችሁ? መጥፎ ዕድል ነው ብዬ ነው ያሰብኩት። እንግዳው በገበያ ቀን መምጣቱ፣ ልስን ላይ መሆናችን፣ ሁሉንም ከሰይጣን ሥራ ቆጠርኩት። ከሰው አልቆጠርኩትም። እንዲያውም በልቤ «ብርቱካን አሁን ጀለብያውን ይዛ ብትመጣ በር ላይ ይይዟታል፣ እንዴት ብዬ ልመልሳት?» እያልኩ ለእሷ እጨነቅ ነበር። ወይ ሞኝነት!

እርጥቡም እንጨት ቢሆን እሳት እሳት ነው፤ በርሜሉ እየተንተከተከ መጣ። ከላዩ እንፋሎት ወጣ። ጓድ በላቸው ሲጋራውን መሬት ላይ ረግጦ ከክዳኑ ወረደና አቧራውን አራገፈ።

«በይ ክፈቺው።»

«ክዳኑ ሳይነሣ?»

«ክዳኑ ምን አገባው? ቱቦው ከሥሩ ነው የሚገባው። ክፈቺው።»

የቧንቧውን እጀታ ያዝኩት። ትኩስ ነበር፤ መዳፌን ሲልጠኝ አልተሰማኝም። ብከፍተው ወንድሜን እቀቅላለሁ፤ ባልከፍተው «ለምን?» ይለኛል። «እመብርሃን፣ አንድ ነገር አድርጊ» እያልኩ ቆምኩ። ያን ጊዜ ሰውዬው እጁን አነሣና ረጋ ብሎ፣ እንደ ሽማግሌ፣ እንዲህ አለኝ።

«ቆይ ቆይ። መጀመሪያ ዳቦውን አውጪው። እህል ውሃ ውስጥ አይጣልም፣ ነውር ነው።»

ያን ዳቦ ከብርቱካን እጅ የተቀበልኩት እኔ፣ ድስቱ ውስጥ ያስገባሁት እኔ። ዘበኛው እንኳ አላየኝም። ከእኔና ከእሷ በቀር ስለዚያ ዳቦ የሚያውቅ ፍጡር በመተማ ምድር አልነበረም። እንግዳ የሚባል ነገር የለም፤ የሚታጠብ ትልቅ ሰው የለም። ሰውዬው ገና በር ሳያንኳኳ ሁሉን አውቆ ነው የመጣው። ያን ሁሉ ጊዜ ክዳኑ ላይ ተቀምጦ በእኔ ሲጫወት ነበር። ከእሱ ጭካኔ ይልቅ ግን ዳቦው ነው የገደለኝ። ጋግራ ሰጥታኝ፣ «ለመንገዱ ይሁነው» ብላኝ፣ ከዚያ ሄዳ ምን እንደጋገረች ጭምር ነገረቻቸው!

ክዳኑ ተንቀሳቀሰ። ዘውዱ በጀርባው ገፍቶ ቆመ። ከራስ ፀጉሩ እስከ እግሩ ሲሚንቶ ሆኗል። ጠባቂዎቹ ጠመንጃቸውን ወደሩ።

«እታለም፣ እጅሽን ከዚያ አንሺ፣ ተቃጠልሽ» አለኝ። «እኔው ወጣሁ።»

ከገንዳው ሲወጣ ነጠላውን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። ለእኔ ዘረጋልኝ። «እኩሌታውን ለአልማዝ አስቀርቻለሁ።»

«ወንድሜን ማሩልኝ!» ብዬ ጓድ በላቸው እግር ላይ ወደቅኩ። ዘውዱ ከላይ «እህቴ አታውቅም፣ ተደብቄ ነው የገባሁት» ይላል፤ ምስኪን፣ እኔን ለማዳን ይዋሻል። ጓድ በላቸው ሳቀ። «ለእህትህ አትጨነቅ፤ አበልጇ አማልዳታለች። እሷን አንነካትም» አለ። እንግዲህ ብጠራጠር እንኳ በገዛ አፉ አረጋገጠልኝ። ዘውዱን የፊጥኝ አስረው ወሰዱት። በሩ ላይ ዞሮ አየኝ፤ ሊለኝ የፈለገው ነገር ነበር፣ ገፉት።

ይህ የበቃ ይመስላችኋል? ጓድ በላቸው ወደ ኋላ ቀረ። በርሜሉን አየ፣ ገንዳውን አየ። «ውሃው ከሞቀ አይቀር» አለ። ውታፉን አስከተተኝ፣ አስሞላኝ፣ ልብሱን አውልቆ ገባ። እርጥቡ ልስን እየተላጠ ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ፣ ዓይኑን ጨፍኖ «እሰይ! ሥራ አስኪያጁ እውነት አላቸው» ሲል ሰማሁት። እሱ ከሄደ በኋላ ያ ገንዳ መታጠብ ነበረበት፤ አጠብኩት። በረኪናውን ሳልቀጥን አፍስሼ የእጄ ቆዳ እስኪነሣ ፈተግኩት። ከዚያ በኋላ ያን ሥራ ቆየሁበት፣ የምበላው አልነበረኝም። «ሰው እቀቅላለሁ» የሚለውን ቀልድ ግን ደግሜ ከአፌ አላወጣሁም።

በማግሥቱ አዱኛ ተፈታ። ሰፈሩ እልል አለ። ብዙ ሳይቆይ ብርቱካን እኔ ቤት መጣች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ገና ከአጥሩ «ወየው ወንድሜን! ወየው ዘውዱን!» እያለች። አልማዝ ምን ታውቃለች፣ ሮጣ ጉልበቷን አቀፈቻት። ብርቱካን እጇን የልጄ ራስ ላይ አድርጋ ትንሰቀሰቃለች።

«ማን ነገረባቸው ጥሩዬ? የትኛው አረመኔ ነው?»

ትክ ብዬ አየኋት። አስተያየቴ አስፈራት መሰለኝ።

«እኔን እንዳትጠረጥሪኝ! አልማዝ ትሙት ከአፌ አልወጣም!»

እጇን ከልጄ ራስ ላይ አነሣሁት። «በማን ልጅ ነው የምትምዪው? አዱኛ ይሙት በዪ» አልኳት።

ዓይኗን ወደ አጥሩ መለሰች።

«አዱኛ ይሙት በዪና ልመንሽ። በዪ እንጂ!»

አፏን ከፈተች፣ አልወጣላትም። ከዚያ መሬት ተቀመጠችና ጮኸች። «አንድ ልጄ ነው! ሌላ የለኝም! አንድ ስጪ አንድ ውሰጂ አሉኝ፤ ምን ላድርግ? አንቺን እንዳይነኩሽ እኮ እግራቸው ላይ ወድቄ ነው። አንቺን አስምሬሻለሁ!»

ልናገረው የምችለው ብዙ ነበር፤ ምላሴ ረጅም ነው ብያችኋለሁ። ያን ቀን ግን የተናገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልጅሽን በወንድሜ ዋጀሽ፤ እናት ነሽ፣ አልፈርድብሽም። የእኔን ልጅ ለሐሰትሽ መያዣ ማድረግሽን ግን እግዜር ይጠይቅሽ። ውጪልኝ።» ወጣች። አበልጅነት አይፈርስም ይላሉ ካህናቱ፤ እውነት ነው፣ ዛሬም ድረስ አበልጄ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በአንድ መንገድ ሄደን አናውቅም።

ከዘውዱ ዘንድ አንድ ቃል አልመጣም። ዓመታት አለፉ። ደርግ ሲወድቅ ያ ሁሉ ሠራዊት ተበትኖ በእኛ በኩል ወደ ሱዳን ጎረፈ። ጫማ የሌለው፣ የቆሰለ፣ ውሃ ጥም ያዞረው። ከተማው መንገድ ዳር ወጣ። እኔም ወጥቼ ፊት ለፊት እያየሁ እቆማለሁ። እያንዳንዱ ከሲታ ዘውዱ ይመስለኛል። ከመንገዱ ማዶ ብርቱካን ጀሪካን ይዛ ታጠጣለች። እያጠጣች «ዘውዱ የሚባል፣ የደምቢያ ልጅ አታውቁም?» ትላለች። ሰማኋት። ደሜ ፈላ፤ ደግሞ ማን አስፈልጊልኝ አላት?

አንዱ ጋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ጀሪካኑን ጥላ መንገዱን እየሮጠች አቋርጣ መጣችብኝ። ከዚያች ቀን ወዲህ አጠገቤ ስትቆም የመጀመሪያዋ ነው። «ጥሩዬ! ዘውዱ አለ! በሕይወት አለ! አብሮት የነበረ ልጅ አገኘሁ። ቆስሎ ነበር፣ ድኗል። በከሰላ በኩል ወደ ሱዳን ተሻግሯል!»

ክንዷን ያዝኳት። ላምናት ነበር፤ እግዜር ምስክሬ ነው፣ ላምናት ምንም አልቀረኝም። ምናልባት ፊቴ ላይ ጥርጣሬ አይታ ይሆናል፣ ጨመረችበት። «አልማዝ ትሙት እውነቴን ነው!»

እጄ ከክንዷ ወረደ። «የቱ ነው ልጁ?» አልኳት። ዞራ አሳየችኝ፤ አቧራ ብቻ ነው፣ መቶ ጀርባ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ የለበሰ። እየሮጥኩ «ዘውዱን የምታውቅ! የደምቢያውን ዘውዱን!» እያልኩ እስከ ድልድዩ ተከተልኳቸው። አንድም ሰው አልዞረም። ስመለስ ብርቱካን መንገዱ ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ክህደት ምን ይወስዳል ብትሉኝ፣ እኔ መጀመሪያ ወንድሜን ብቻ የወሰደብኝ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ወሬውንም ነው የወሰደብኝ። እውነቷን ይሆን? ምናልባት እውነቷን ነው፤ በመጨረሻ አንድ ደግ ነገር ልትሠራልኝ ፈልጋ ይሆናል። ወይም ይቅርታዬን ፈልጋ የፈጠረችው ይሆናል። «ሞቷል» ብትለኝም አላምናትም ነበር። አንድ ጊዜ በልጄ ራስ ላይ ዋሽታለች። ከዚያ አፍ የሚወጣ ነገር ለእኔ አይጠጣም፣ ጥምም አይቆርጥም። ሰው ይቅር በያት ይለኛል። ይቅር ብያታለሁ፣ በንስሐ አባቴ ፊት ብያታለሁ። ማመንን ግን ከየት ላምጣው? እስቲ እናንተ ንገሩኝ።

አልማዝ አሁን የልጆች እናት ናት። ከሰላ ድረስ ሰው ልካ አስጠይቃልኛለች፤ አየሁት የሚልም የለም፣ ቀበርኩት የሚልም የለም። እኔም አርጅቻለሁ። በየዓመቱ ቄሱ ለጸሎት «የሙታንሽን ስም ንገሪኝ» ይሉኛል። የአባቴን እላለሁ። የእናቴን እላለሁ። የባሌን እላለሁ። ከዚያ ዝም እላለሁ።

«ጨረስሽ?» ይሉኛል።

«እንጃ አባቴ» እላቸዋለሁ።